የጀምበሬ ስምንት ስሞች

መጀመሪያ ኮምፓሷ ትወጣለች። ጀምበሬ ከደረት ኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ያኖራትና መርፌዋ ሰሜንን ይዛ እስክትረጋ ይጠብቃል። ከዚያ የቼዝ ሰዓቷን በሁለት እጁ ይዞ ቀስ እያለ ያስጠጋላታል፤ አስቀድሞ የግራ ጎኗን፣ ቀጥሎ የቀኟን። የሰዓቷ ውስጥ ብረት ስለሆነ መርፌዋ ትንሽ ዘንበል ማለቷ የሚጠበቅ ነው። ውስጥ ካለችው ተወዛዋዥ ጎማ ጋር አብራ ከተንቀጠቀጠች ግን ሰዓቷ ታማለች።

ጤነኛ ከሆነች ካቻቢቴውን ያነሣል። የጀርባዋን አራት ብሎን ይፈታል፤ እያንዳንዱን በየራሱ የለስላሳ ቆርኪ ውስጥ ያስቀምጣል፤ ቆርኪዎቹ ከአንድ እስከ አራት ቁጥር አላቸው። ማጉያውን ዓይኑ ላይ ይገጥማል። በጎማ መንፊያ አቧራውን ያወጣል፤ በአፉ አይነፋም፣ ምራቅ ያዝጋል። የጎማዎቹን ጥርሶች በቤንዚን በነከረው እንጨት አንድ በአንድ ይጠርጋል። ዘይቱን በመርፌ ጫፍ ይነካና መሽከርከሪያዎቹ ላይ ያሳርፋል፤ ጠብታው ከሰናፍጭ ፍሬ መብለጥ የለበትም። ክዳኑን ከመግጠሙ በፊት ሁለቱንም ጎን አንድ አንድ ሰዓት ሙሉ ከስልኩ ጋር እያስተያየ ያስኬዳል፤ ልዩነቱን በእርሳስ ጽፎ ክዳኑ ውስጥ ይለጥፋል።

«ሁለቱንም» ይላል፤ «አንዱን ጎን ብቻ ያየ ምንም አላየም።»

የቼዝ ሰዓት አይቶ ለማያውቅ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። በአንድ የእንጨት ሳጥን ውስጥ ሁለት ሰዓት አለ፤ ለያንዳንዱ ተጫዋች አንድ። ተጫዋቹ ጠጠሩን አንቀሳቅሶ በበኩሉ ያለውን ቁልፍ ሲጫን የእሱ ሰዓት ይቆማል፣ የባላጋራው ይነሣል። ከአሥራ ሁለት ቁጥር አጠገብ ቀይ ቆርቆሮ ተሰክታለች፤ ባንዲራ ይሏታል። የደቂቃው ዘንግ እየተጠጋ ሲመጣ ያነሣታል፤ ጊዜው ሲያልቅ ትወድቃለች። ባንዲራው የወደቀበት ሰው ገበታው ላይ ምን ያህል ቢበልጥ ተሸንፏል።

ኮምፓሷ ከጥንት የነበረች አይደለችም። ወደዚህ ሥራ የገባችው በ2012 ዓመተ ምሕረት ነው፤ የገባችበትም ምክንያት አለ።

ጀምበሬ የጭልጋ ልጅ ነው። በ1977 በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ሲገባ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ካርቱም ሱቅ ዐረቢ በሚሉት ገበያ ውስጥ ከአንድ አዛውንት ሰዓት ሠሪ እግር ሥር ስድስት ዓመት ተቀምጦ ሙያውን ተማረ። ዴም ሰፈር የከፈታት የቆርቆሮ ሱቅ ወርዷ ሁለት ክንድ ነው፤ ደንበኛ ከውጭ ቆሞ ነው የሚያናግረው። ባለቤቱ ለተብርሃን አል-ጣኢፍ በሚሉት ሰፈር ሰው ቤት ታበስላለች። እሱ ከሥራ መልስ ቀጥታ ወደ ሲዲግ ቤት ይሄዳል።

ሲዲግ የሰፈሩ ቡና ቤት ባለቤት ነው፤ ሱዳናዊ ነው፣ አማርኛውን ከደንበኞቹ ለቅሞታል። በጓሮ ክፍሉ ውስጥ ስድስት የቼዝ ገበታና አምስት ሰዓት አለ። ሰዓቶቹን የሚጠግነው ጀምበሬ ስለሆነ ሕግ የማውጣት መብትም ወስዷል። ሕጉ አንድ ነው፤ ተጫዋች ሁሉ ጨዋታውን በሚጽፍበት ወረቀት ጠርዝ ላይ በአሥረኛው፣ በሃያኛውና በሠላሳኛው እርምጃ የቀረውን ደቂቃ ይጽፋል። ሲያልቅ ወረቀቱን ለጀምበሬ ይሰጣል።

«ያ ዐም ጀምበሬ፣ ይሄ ጨዋታ ነው ወይስ የፖሊስ ምርመራ?» ይለው ነበር ሲዲግ፤ «ያ ዐም» በእነሱ «ጋሼ» ማለት ነው።

ወረቀቶቹ የትንበያው ጥሬ ዕቃ ነበሩ። በየዓመቱ መሀል ከተማ ያለ አንድ ትልቅ ክበብ ከየሰፈሩ ያሉትን ምርጦች የሚያጋጥምበት ውድድር አለ። ከዴምና ከአካባቢው ስምንት ሰው ይወሰዳል። ሠላሳ የሚያህል ሰው ሲዲግ ቤት እያንዳንዱ ሰባት ጨዋታ ይጫወታል፤ በአንድ ጨዋታ ለያንዳንዱ ስድሳ ደቂቃ ይሰጠዋል፤ ብዙ ነጥብ ያላቸው ስምንቱ ያልፋሉ። ጀምበሬ አምስተኛው ጨዋታ ሲያልቅ ስምንት ስም ጽፎ ግድግዳው ላይ ይለጥፋል። አንድ ዓመት አምስቱን አገኘ፤ ሁለት ዓመት ስድስት ስድስት፤ አንድ ዓመት ሰባት። ስምንቱንም አግኝቶ አያውቅም።

ለዓለም ሻምፒዮንነት ተፎካካሪ ለመለየት የሚጋጠሙትን ስምንቱን ታላላቆች ሳይቀር ይተነብይ ነበር፤ የሚሠራው ግን ኢንተርኔት ሲኖር ነው። በሱዳን አብዮት ዓመት፣ በ2011 ግንቦት ማለቂያ ላይ ኢንተርኔቱ ሲዘጋና ከወር በላይ ተዘግቶ ሲቆይ የዓለሙን ትቶ በዴም ላይ ተወሰነ።

የሚተነብይበት መንገድ ቀላል ነው። ማን ጥሩ እንደሚጫወት አያይም፤ ሰዓቱን ነው የሚያየው። ሠላሳኛው እርምጃ ላይ ከአሥር ደቂቃ በታች የቀረው ሰው ያሸነፈውን ጨዋታ ይጥላል፤ ስለዚህ ስሙ አይጻፍም። በቃ።

«ነቢይ ሆይ» ትለው ነበር ለተብርሃን፣ «ይልቅ የቧንቧው ውሃ መቼ እንደሚመጣ ተንብይልን።»

አያሌው ወደ ሲዲግ ቤት የመጣው በዚያው በአብዮቱ ዓመት ነው። ዕድሜው ሃያ አራት፣ ከደብረ ታቦር ወዲህ ያለ የገጠር ከተማ ልጅ፤ ከከተማው ዳር ሶባ በሚባል ቦታ ሕንፃ ሥራ ላይ ብሎኬት ይሸከም ነበር። ካርቱም ለእሱ መንገድ ናት፤ አብረውት የሚኖሩት ልጆች ሁሉ ወደ ሊቢያ ያስባሉ። ወረቀት የለውም። ከሻ በሚሉት አፈሳ ሁለት ጊዜ ተይዞ ሁለት ጊዜ ወጥቷል።

ቼዝ ግን ይችላል። ትልቁ ክበብ ደግሞ ለስምንቱ ፎቶና ማኅተም ያለው የአባልነት ካርድ ይሰጣል። መንግሥት የሚያውቀው መታወቂያ፣ ቢጣቃ የሚሉት፣ አይደለም፤ ሆኖም መንገድ ላይ ላስቆመ ፖሊስ ሲያሳዩት ብዙ ጊዜ «ያላ፣ እለፍ» ያስብላል። አያሌው ነገሩን አልደበቀም።

«ስምንቱ ውስጥ ከገባሁ በጋውን እዚሁ እሠራለሁ» አለ በመጀመሪያው ቀን፤ «ካልገባሁ ከልጆቹ ጋር እሄዳለሁ።»

«የት?» አለ ሲዲግ፣ እያወቀ።

«ወደዚያ።»

እንግዲህ የሰዓቷ ጉዳይ። ሲዲግ ትልቅ ሞንታርቦ ነበረው። በሚያዝያ ሕዝቡ በጦሩ ዋና ሰፈር ፊት ለፊት ለተቃውሞ በተቀመጠ ጊዜ ሞንታርቦውን ረክሻ በሚሉት ባጃጅ ጭኖ ወስዶላቸው ነበር። ያ ቦታ በጥይት ከተበተነ በኋላ አንድ የሚያውቀው ሰው መለሰለት፤ ጀርባው ተሰንጥቋል። መቆም ስላቃተው በጓሮ ክፍሉ ጥግ በጀርባው አጋደሙት፤ የሚጮኸው ፊቱ ወደ ጣሪያ ሆነ።

ከሰዓቶቹ መካከል ሦስት ቁጥር የሚሏት ክዳኗ የተሰበረ አንዲት ነበረች። የካርቱምን አቧራ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ በተዘጋ ቁምሳጥን ይገባል። ጀምበሬ ሦስት ቁጥርን አጥቦ፣ ዘይት ሰጥቶ፣ ሁለቱንም ጎን ለክቶ ካመጣ በኋላ ዙሪያውን አየና ለሲዲግ «ይቺን መደርደሪያው ላይ እንዳታኖራት፤ ከመስኮቱ ራቅ አድርገህ እዚያ ሞንታርቦው ላይ በጨርቅ ሸፍነህ አኑራት» አለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቦታዋ እዚያ ሆነ፤ የግራ ጎኗ ከሞንታርቦው መሀል ላይ ያርፋል።

ክዳኗ ስለተሰበረ የሚመርጣት የለም። ቀድሞ የመጣ ደህናውን ሰዓት ያነሣል፣ ወደ ቬንትሌተሩ ዞሮ ይቀመጣል። ዘግይቶ የመጣ ጀርባውን ለበሩ ይሰጣል፤ ሰዓቱ ሁልጊዜ በግድግዳው በኩል ስለሚቆም የግራው ጎን ይደርሰዋል። ከሶባ በመጨረሻው ሃፍላ፣ በአውቶቡሱ፣ ተጭኖ፣ ሲሚንቶው ከጸጉሩ ሳይራገፍ የሚደርሰው ደግሞ አያሌው ነው። እናም አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ቁጥር፣ የግራው ጎን።

ጥቅምት ላይ አምስተኛው ጨዋታ አለቀና ጀምበሬ ዝርዝሩን ለጠፈ። አያሌው ከላይ እስከ ታች አነበበው፤ ደግሞ አነበበው።

«ጋሽ ጀምበሬ፣ ስሜ የለም።»

«የለም።»

«ከአምስቱ አራቱን አሸንፌያለሁ እኮ!»

«አሸንፈሃል። አምስተኛውን በምን ተሸነፍክ?»

«በባንዲራ።»

ጀምበሬ ወረቀቶቹን ከላስቲክ አውጥቶ ዘረጋቸው። «እይ። ሠላሳኛው ላይ ስድስት ደቂቃ ቀርቶሃል። እዚህ ስምንት። እዚህ ሰባት። አሥር ያልሞላው ሰው መጨረሻ ላይ ሲንኮታኮት ስንት ዓመት አይቻለሁ።»

«እኔ እኮ ቶሎ ነው የምጫወተው። ይቺ ሰዓት ትሮጣለች።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። «ያ ዞል፣ አንተ ሰው» አለ ሲዲግ ብርጭቆ እያጠበ፣ «እዚህ ቤት ያልሮጠች ሰዓት የለችም! የተሸነፈ ሁሉ ሲጋልባት ነው የኖረው።»

«ብሎኬት ስሸከም እውላለሁ፤ በደቂቃ ስንት እንደማመላልስ አውቃለሁ። አንድ ደቂቃ ስንት እንደሆነ የማላውቅ ይመስላችኋል?»

«በሠላሳ ዓመት ሰዓት ያልከሰሰ ተሸናፊ አላየሁም» አለ ጀምበሬ ወረቀቶቹን እየሰበሰበ። «በእጄ ያጠብኳት ሰዓት ናት፤ ሁለቱንም ጎን ለክቻለሁ።»

እውነቱን ነው፤ ለክቷል። የለካው ግን ሞንታርቦው ላይ ከመቀመጧ በፊት ነበር።

አያሌው ስድስተኛውን አሸነፈ። በሰባተኛውና በመጨረሻው ያገኘው ረዋንን ነው። ረዋን እናቷ የጎንደር ሰው፣ አባቷ የኦምዱርማን ሰው፤ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች፤ እዚያው ስላደገች አማርኛዋ ይሰናከላል፣ ቼዟ ግን አይሰናከልም። ሁለቱ እኩል ነጥብ ነበራቸው። ያሸነፈ ስምንተኛውን ቦታ ያገኛል። በጀምበሬ ዝርዝር ውስጥ የረዋን ስም አለ።

ኅዳር ውስጥ አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነበር። የነዳጁ ሰልፍ መንገዱን ዘግቶ ሃፍላ አልተገኘም። አያሌው ከሶባ ግማሹን በረክሻ፣ ግማሹን በእግሩ መጣ። ሲደርስ ረዋን ወደ ቬንትሌተሩ ዞራ ተቀምጣለች፤ ሌሎቹ ሰዓቶች ሁሉ ተይዘው ሦስት ቁጥር ብቻ ቀርታለች። ውሃ ጠጣ፣ እጁን በሱሪው ጠረገ፣ ተቀመጠ። ዳኛው ጀምበሬ ነው።

እስከ ሠላሳኛው እኩል ሄዱ። አያሌው ጠርዙ ላይ «6» ብሎ ጻፈ። በሠላሳ አራተኛው ረዋን አንድ ወታደር አጣች፤ በሠላሳ ዘጠነኛው ሌላ። ዙሪያውን የቆሙት መተያየት ጀመሩ። አርባ አንደኛው እርምጃ ላይ አያሌው ግንብና ሁለት ወታደር አለው፤ እሷ ግንብ ብቻ። ተራው የእሱ ነው። እጁን ወደ ግንቡ ዘረጋ፤ ቀዩ ቆርቆሮ ወደቀ።

«ባንዲራ» አለች ረዋን ቀስ ብላ።

አያሌው ገበታውን አላየም፤ ያየው ሰዓቷን ነው። ከዚያ ጀምበሬን አየ። ተነሥቶ ረዋንን ጨበጣት፤ ወረቀቱ ጠርዝ ላይ በሕጉ መሠረት «0» ብሎ ጽፎ ለጀምበሬ ሰጠውና ወጣ።

በዚያ ዓመት ጀምበሬ ስምንቱንም አገኘ። በሕይወቱ የመጀመሪያው ነው። ሲዲግ ከርከዴ የሚሉትን ቀይ መጠጥ በበረዶ አቀረበለት፤ አንድም ሰው ሳይቀር እጁን ጨበጠው። «ያ ዐም ጀምበሬ» አለው አንዱ፣ «እንግዲህ የሽግግር መንግሥቱ መቼ እንደሚያልቅ ንገረን!» ጀምበሬ ዝርዝሩ ሥር «8/8» ብሎ ጻፈ፤ በቀይ ስክሪፕቶ።

ከጨዋታው በስድስተኛው ቀን ረዋን ሦስት ቁጥርን በላስቲክ ይዛ ሱቁ መጣች። ለትልቁ ውድድር ቤቷ ልትለማመድባት ከሲዲግ ተውሳት ነበር።

«ዐሞ፣ ይሄ ሰዓት ልክ አይደለም። ግራው ይቸኩላል። ስልክ አጠገብ አድርጌ አየሁት፣ ወላሂ፣ ሁለት ጊዜ።»

«ቀኙስ?»

«ቀኙ ተማም፣ ልክ ነው። ግራው ብቻ።»

ጀምበሬ አራቱን ብሎን ፈታ። አራተኛው ብሎን ከካቻቢቴው ወርዶ ወደ ቆርኪው በመውደቅ ፈንታ ውስጥ ካለው ብረት ጋር ተለጠፈ። ማጉያውን ገጠመ። ተወዛዋዧን ጎማ የምታስኬደው ፀጉር የምታክል ሞላ ጥቅሎቿ እርስ በርስ ተጣብቀዋል። ማግኔት ይዟታል። ማግኔት የያዘው ሞላ ያጥራል፤ ሲያጥር ሰዓቱ ይፈጥናል። ይህን ሙያውን በተማረ በመጀመሪያው ዓመት ያወቀው ነገር ነው።

ሳይጠግናት አንድ ሰዓት አስኬዳት። በአንድ ሰዓት ውስጥ አምስት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ፈጠነች። ወረቀት አነሣና አካፈለ። ሰዓቷ ስድሳ ደቂቃ አለቀ ስትል በእውነቱ ያለፈው ሃምሳ አምስት ደቂቃ ከስድስት ሰከንድ ነው። ቀጥሎ የአያሌውን የቆዩ ወረቀቶች አወጣ። ስድስት ያለው አሥር ከግማሽ ገደማ ነበር። ሰባቱ አሥራ አንድ። ስምንቱ አሥራ ሁለት። ሁሉም ከአሥር በላይ። በራሱ ሕግ ቢሄድ የልጁ ስም ዝርዝሩ ውስጥ ነበር።

ተነሥቶ ሲዲግ ቤት ሄደ፤ ረዋን ተከተለችው። ጓሮ ክፍሉ ገብቶ ሞንታርቦውን፣ በሆዱ ትልቅ ማግኔት የተሸከመውን፣ ቆሞ አየው።

«ማነው ሰዓት እዚህ ላይ ያኖረው?»

ሲዲግ ደነገጠ። «አንተ ነህ ወላሂ! አቧራ አልክ።»

«አዎ» አለ ጀምበሬ፤ «አቧራ ብያለሁ።»

ረዋን ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ኸላስ፣ በቃ፣ እንደገና እንጫወታለን። እኔ በዚህ አልገባም። ሊጁ ይምጣ።»

በማግስቱ ሦስቱም ሶባ ሄዱ። አሠሪው ብረት እያስቆረጠ ነበር። አያሌው እሑድ ዕለት ከሦስት ልጆች ጋር ፒክአፕ ላይ ወጥቶ መሄዱን ነገራቸው። ስልኩ ዝግ ነው። ብርድ ልብሱን ለሌላ ሰው ትቶለታል።

ረዋን ቦታውን ልመልስ ብትል ትልቁ ክበብ ዝርዝሩ ተዘግቷል አላት። ተጫወተች፤ አምስተኛ ወጣች። ካርዱን ሰጧት፤ ቦርሳዋ ውስጥ አለ፤ አሳይታ አታውቅም፤ እሷን የሚያስቆም ፖሊስ የለም።

ጀምበሬ ሰዓቷን ጠገናት። ከአሮጌ ትራንስፎርመር ኮይል ሠርቶ፣ ኤሌክትሪኩን ለቆ፣ ሰዓቷን በመሀሉ አሳልፎ ቀስ እያለ አራቃት፤ ሞላዋ ተላቀቀች። ኮምፓሷንም ያን ቀን ገዛ። ግድግዳው ላይ ካለው «8/8» አጠገብ «አይቆጠርም» ብሎ ጻፈ፤ ዝርዝሩን ግን አላነሣም። ሞንታርቦው ላይ በዐረብኛና በአማርኛ «ምንም አይቀመጥበትም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ሲዲግ ልሽጠው ቢል ጀምበሬ እንቢ አለ።

በዚያው ዓመት መጋቢት ኮሮና ቤቱን አዘጋው፤ በ2013 ተከፈተ፤ ውድድሩም ትንበያውም ቀጠለ። አንድ ነገር ተለውጧል። አሁን አንድ ሰው ተሸንፎ «ሰዓቷ ትሮጣለች» ካለ ጀምበሬ አይስቅም። ተነሥቶ ኮምፓሷን ያወጣል፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ያስኬዳታል፤ ሌላው ሰው ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። እስካሁን ከአሥራ ሰባት ክስ አሥራ ሰባቱም ሐሰት ሆነው ተገኝተዋል። ተጫዋቾቹ ተማርረዋል።

«ያ ዐም፣ ሌሊት ልታሳድረን ነው?» ይለዋል ሲዲግ።

«አሥራ ስምንተኛውን አላውቅም» ይላል ጀምበሬ፣ ካቻቢቴውን እየፈለገ።

የዚያን ዓርብ ወረቀት በላስቲክ ጠቅልሎ ከኮምፓሷ ጋር ኪሱ ውስጥ ይዞታል። ታሪኩ እንዲጻፍ ሲፈቅድ በምላሹ አንድ ነገር ጠየቀ፤ ጥያቄው ለአንባቢ ነው።

«ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ትሪፖሊም ሁኑ ጣልያን ወይም እዚያው አገር ቤት፣ አያሌው የሚባል ልጅ ካገኛችሁ፦ ረጅም ነው፣ ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለው፣ ጠጠር ሲያነሣ በሦስት ጣት ነው። እንዲህ በሉልኝ፤ ሰዓቷ ትሮጥ ነበር፤ የተናገርከው ልክ ነው፤ የሳቀብህ ጀምበሬ ነው የላከን። ባንዲራው ሲወድቅ አራት ደቂቃ ከሃምሳ አራት ሰከንድ ነበረህ። የጠጠሮቹ አቀማመጥ ተጽፎ አለ። ረዋን እንጫወታለን ብላለች፤ ሰዓቷንም ሁለቱንም ጎን ለክቻታለሁ። ተራው የአንተ ነው በሉት።»